መልክና ተመልካች

ስለ ውበት የሚነሣ ጥያቄ ለወጣቶችና ለባለቅኔዎች ብቻ የተተወ ቀላል ጨዋታ ሊመስል ይችላል። ነገሩን ጠጋ ብሎ ለመረመረው ሰው ግን ይህ ጥያቄ በየቤታችንና በየማዕዳችን፣ ይልቁንም በልጆቻችን ልብ ውስጥ ዕለት ዕለት የሚፈረድ ፍርድ ነው። ሕፃኑ ገና በአራስ ቤት ሳለ ጠያቂው ሁሉ ማንን እንደ መሰለ ይመረምራል፤ ዓይኑ የአባቱ፣ አፍንጫው የአያቱ ነው ይባላል፤ መልኩ ጠቈር ያለ እንደ ሆነም «ግድ የለም፣ ሲያድግ ይቀላል» እየተባለ እናቲቱ ትጽናናለች። ልጁ አንዲት ቃል ሳይናገር ስለ መልኩ ብዙ ቃል ተነገረ ማለት ነው።

እንግዲህ ውበት ምንድር ነው? በሰው ሁሉ ዘንድ አንድ ልክ አለውን? ወይስ እንደ ተመልካቹ ዓይን የሚለዋወጥ ነው? የሚለዋወጥስ ከሆነ፣ ውበት በሰው ሁሉ ላይ ይገኛል ብለን ለመናገር እንደፍራለንን? እኛ በልጅነታችን በቤተ ክርስቲያን ጥላ ሥር ፊደል ቈጥረን፣ ዳዊት ደግመን፣ ዲቁና ተቀብለን፣ ኋላም ወደ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ገብተን ዛሬ በመምህርነት ሥራ ላይ የምንገኝ ስለ ሆነ፣ ይህ ጥያቄ ከሁለቱም ወገን ሲነሣ ሰምተናል። ያየነውንና የመሰለንን እንደሚከተለው እናቀርባለን።

አስቀድመን ቃሉን እንመርምር። አማርኛችን ስለዚህ ነገር ድኃ አይደለም፤ ውበት፣ ቁንጅና፣ ደም ግባት እያለ ይለያል። ሁለት ሰዎች በዓይን፣ በአፍንጫና በጥርስ እኩል ሆነው ሲታዩ፣ አንደኛው ደም ግባት አለው፣ ሁለተኛው ደም ግባት የለውም ይባላል፤ ይህም አባቶቻችን ውበት በክንድና በስንዝር የማይለካ መሆኑን ማወቃቸውን ያሳያል። ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ግን ልብ ልንለው የሚገባን መልክ የተባለው ቃል ነው። ያማረውን ሰው መልከ መልካም፣ አላማረም የምንለውን መልከ ጥፉ እንላለን። መልከ ጥፉ የሚለውን ቃል እንደ ተጻፈ የተመለከተው ሰው፣ መልኩ የጠፋ ማለት ሆኖ ያገኘዋል። ይሁን እንጂ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ፣ በኦሪት ዘፍጥረት መጀመሪያ፣ ሰው በእግዚአብሔር መልክ መፈጠሩ በሚነገርበት ስፍራ የገባው ቃል ይኸው መልክ የተባለው ነው። እንግዲህ በገበያና በሰርግ ቤት የምንናገረው ቃልና በፍጥረት መጽሐፍ የተጻፈው ቃል አንድ ከሆነ፣ መልኩ የጠፋ የምንለው ማንን ነው? የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ሁሉ በዚህ ውስጥ ተጠቅልሎ ይገኛል።

ወደ መልሱ ከመሄዳችን በፊት የዓይንን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። ዓይን የለመደውን እንደሚወድ የተገነዘቡ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ ነበሩ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ6ኛውና በ5ኛው መቶ ዓመት የኖረው የግሪክ ፈላስፋ ክሴኖፋኔስ፣ ኢትዮጵያውያን አማልክቶቻቸውን ጥቁሮችና አፍንጫ ጠፍጣፎች አድርገው እንደሚያስቡ፣ የትራቄ ሰዎች ደግሞ ዓይናቸው ሰማያዊ፣ ጠጕራቸው ቀይ አድርገው እንደሚያስቡ ተናግሯል። ነገሩ ጣዖት አምላኪዎችን ለመንቀፍ የተነገረ ነው፤ ነገር ግን ሰው ሁሉ የክብርን መልክ በራሱ ወገን መልክ እንደሚያስበው ያስረዳል። ከእርሱ በኋላ የተነሣው ሄሮዶቱስ በታሪክ መጽሐፉ በ3ኛው ክፍል፣ ኢትዮጵያውያን ከሰው ሁሉ ይልቅ ረጃጅሞችና መልከ መልካሞች እንደሚባሉ ጽፏል። በዚያ ዘመን ግሪኮች ኢትዮጵያ ይሉት የነበረው ከግብፅ በስተ ደቡብ ያለውን የጥቁር ሕዝብ አገር ነበር። ጥቁር መልክ በአንድ ዘመን በሩቅ ሰዎች ዘንድ እንኳ የውበት ምስክር ነበረው ማለት ነው።

ሩቅ ሳንሄድ በአገራችን ያለውን እንይ። በሰሜኑ ክፍል ያሉ እናቶቻችን አንገታቸውንና ድዳቸውን ተነቅሰው፣ በግንባራቸውም የመስቀል ምልክት አስነቅሰው ለሰርግ ይቀርቡ ነበር፤ ያን ጊዜ ንቅሳቱ የሴት ልጅ ጌጥ ነበረ። ዛሬ ከሴት ልጆቻቸው መካከል ያን ንቅሳት በሻሽ የሚሸፍኑ፣ ገንዘብ ከፍለው የሚያስጠፉም አሉ። ፊተኞቹ ጥርሶች ራቅ ራቅ ያሉ እንደ ሆነ እኛ ፍንጭት ብለን እናደንቃለን፤ በሌላው ዓለም ግን ያንኑ ክፍተት በሽቦ ለማጋጠም ወደ ጥርስ ሐኪም የሚሄድ ብዙ ነው። በኦሞ ወንዝ አካባቢ በሚኖሩት በሙርሲና በሱሪ ሕዝብ ዘንድ ሴቲቱ በታችኛው ከንፈሯ የምታገባው የሸክላ ጌጥ ያስከብራታል፤ ከሌላ አገር የሚመጣው እንግዳ ግን ፎቶግራፍ አንሥቶ ይደነግጣል። አንዱ ዓይን ያጌጠበትን ሌላው ዓይን ያፍርበታል።

የዘመኑ ሊቃውንትም ይህን በምርመራ ደርሰውበታል። እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ አንድ ጥናት፣ ፍጹም የሚመሳሰሉ 547 ጥንድ መንትዮችና የማይመሳሰሉ 214 ጥንድ መንትዮች የብዙ ሰዎችን ፊት እያዩ የትኛው እንደሚያምር እንዲፈርዱ ተደረገ። በተፈጥሮ አንድ የሆኑት፣ በአንድ ቤትም ያደጉት መንትዮች እንኳ በፍርዳቸው ተለያዩ። ሰው ስለ ፊት ያለውን የግል ምርጫ አብዛኛውን የሚያበጅለት ከወላጆቹ የወረሰው ደም ሳይሆን፣ እርሱ ራሱ በሕይወቱ ያየውና ያጋጠመው ነገር ሆኖ ተገኘ። ሰዎች በመልክ ፍርድ ግማሽ ያህል እንደሚስማሙ፣ ግማሽ ያህልም እንደሚለያዩ እነዚሁ ሊቃውንት ይናገራሉ። እንግዲህ ዓይን ከልደት ጀምሮ የተቈረጠለት ሚዛን ሳይሆን፣ በየቀኑ የሚማር ተማሪ ነው። የሚማር ከሆነም መምህር ያስፈልገዋል።

ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ አንድ ጥሩ ነገር አመልክቷል። ሰው «ይህ ወጥ ይጣፍጠኛል» ሲል ስለ ራሱ ምላስ ብቻ ይናገራል፤ ሌላው ባይጣፍጠው አይከራከረውም። «ይህ ያማረ ነው» ሲል ግን ከራሱ አልፎ ሌላውም እንዲያይለት፣ እንዲመሰክርለትም ይሻል። ሚስቱን ወይም አገሩን ያደነቀ ሰው «ለኔ ብቻ ነው» ሲሉት ቅር የሚለው ስለዚህ ነው። ምስክርነቱን ከምላስ ጣዕም ጋር እንዲቈጥሩበት አይወድም።

በዛሬው ዘመን ግን «ውበት በተመልካቹ ዓይን ነው» የሚለው አነጋገር በየስፍራው ይሰማል። በመልኩ ያዘነውን ሰው ለማጽናናት የሚነገር መልካም ቃል ይመስላል። እኛ ግን በጥሞና ስንመረምረው ማጽናናቱ የታችኛው ጫፍ የሚወጋ ሆኖ አገኘነው። ውበት በተመልካች ዓይን ብቻ የሚኖር ከሆነ፣ ማንም ዓይኑን ያላሳረፈበት ሰው ምን ሊሆን ነው? እናቱ የሞተችበት፣ ጓደኛ ያላገኘ፣ በመንገድ ዳር ተቀምጦ ሰው ሁሉ ዓይኑን የሚመልስበት ሰው፣ ተመልካች ስለ ሌለው ውበት የለውም እንበልን? ለተወደደው የተመቸ፣ ለተጣለው ግን ሁለተኛ መጣል የሆነ ትምህርት እውነተኛ ትምህርት ሊሆን አይችልም።

የዚህ ነገር ጉዳት በትምህርት ቤት ግልጥ ሆኖ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1973 በአሜሪካ አገር የታተመ አንድ ምርመራ ነበር። ለ5ኛ ክፍል መምህራን አንድ ዓይነት የትምህርት ውጤት የተጻፈበት ወረቀት ታደለ፤ በወረቀቱ ላይ የተለጠፈው የልጅ ፎቶግራፍ ግን ልዩ ልዩ ነበር። መምህራኑም ውጤቱ አንድ ሆኖ ሳለ፣ መልከ መልካሙን ልጅ ይበልጥ ብልህ ነው፣ ወላጆቹም ስለ ትምህርቱ ይበልጥ ያስባሉ ብለው ገመቱ። ይህ በሩቅ አገር ብቻ የሚደረግ አይደለም። በየትምህርት ቤቱ የክብር እንግዳ ሲመጣ እቅፍ አበባ ይዘው የሚቀርቡት ልጆች በምን እንደሚመረጡ ሁላችንም እናውቃለን። አበባውን ያልያዙት ልጆችም ያውቃሉ። በሰልፉ መጨረሻ ቆመው እያጨበጨቡ፣ ማንም ሳያስተምራቸው የተማሩት ትምህርት ይህ ነው።

በቤትም ውስጥ እንዲሁ ነው። ልጆቻችንን ቀይ፣ የቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጥቁር እያልን መለየታችን በራሱ ክፋት የለውም፤ ቀለም ስም አለው። ነገር ግን «ጥቁር ናት፤ ግን ቆንጆ ናት» ስንል፣ በመካከል ያገባናት ያች ግን የምትባል ቃል ምን እንደምትሠራ እናስተውል። ጥቁር ከሆነች ቆንጆ ልትሆን አይገባም ነበር፣ እርሷ ግን አመለጠች ማለታችን ነው። ስለዚህች ቃል በመጽሐፍ ቅዱስ ትርጕምም ታላቅ ምስክር አለ። በመኃልየ መኃልይ መጀመሪያ ሙሽራዪቱ ስለ ጥቁረቷና ስለ ውበቷ ትናገራለች። በዕብራይስጡ ሁለቱን የምታያይዘው ፊደል «እና» ተብላም «ግን» ተብላም ልትተረጐም ትችላለች። የሰባው ሊቃናት የግሪክ ትርጕም «እና» ብሎ አጋጠማቸው፤ የላቲኑ ትርጕም ግን «ግን» ብሎ አለያያቸው። በአንዲት አያያዥ ቃል ምክንያት ጥቁረት የውበት ጓደኛ ወይም የውበት ባላጋራ ሆና ትቀራለች።

ይህች ቃል በልጅ ልብ ውስጥ ስትቈይ ወደ ገበያ ትወስዳለች። ቆዳ የሚያነጣ ቅባት ገዝተው ፊታቸውን የሚቀቡ ልጆች ጥቂቶች አይደሉም። ከእነዚህ ቅባቶች አንዳንዶቹ ሜርኩሪ የተባለው መርዝ ያለባቸው ሲሆኑ፣ መርዙ በቆዳ በኩል ገብቶ ኩላሊትንና ነርቭን የሚጐዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የተፈረመው የሚናማታ ስምምነት፣ ከተወሰነው መጠን በላይ ሜርኩሪ ያለባቸው የመዋቢያ ቅባቶች እ.ኤ.አ. ከ2020 በኋላ እንዳይሠሩ፣ ወደ አገርም እንዳይገቡና እንዳይወጡ ያዘዘው ስለዚህ ነው። ሕጉ መርዙን ሊከለክል ይችላል፤ ልጅቷን ወደ ቅባቱ የላካትን ቃል መከልከል ግን የቤተሰብ ፋንታ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከምናስተምራቸው ልጆች መካከል አንዲት ልጅ ነበረች። በሕፃንነቷ ምድጃ ላይ ወድቃ ኖሮ ግራ ጕንጭዋና አንገቷ የእሳት ጠባሳ ነበረበት። በሒሳብ ትምህርት ከብዙዎቹ የምትበልጥ ስትሆን፣ በክፍል ውስጥ ሁልጊዜ ጕንጭዋን በግራ እጇ ደግፋ መቀመጥ ልማዷ ነበር። ለፈተና መመዝገቢያ የሚሆን ፎቶግራፍ ተማሪዎቹ ሁሉ ይነሡ በተባለ ጊዜ ሁለት ቀን ከትምህርት ቤት ቀረች። በሦስተኛው ቀን አያቷ እጇን ይዘው መጡ። አያቲቱ እጅ ነሥተው፣ «መምህር፣ ይህች ልጅ ፎቶ ከምነሣ ትምህርቱ ይቅርብኝ ትላለች፤ እስኪ እርስዎ ይምከሩልኝ» አሉን።

ልጅቷን ምክንያቷን ብንጠይቃት ብዙ ዝም ካለች በኋላ፣ «ጋሼ፣ ወረቀቱ ላይ እኮ ለሁልጊዜ ይቀራል» አለች። እኛ የምንመልሰውን ስናስብ አያቲቱ ቀደሙን። «ልጄ፣ ያን ዕለት ከእሳቱ ያወጣሁሽ እኔ ነኝ። ትተርፍ ይሆን፣ አትተርፍ ይሆን እያልሁ ሌሊቱን ሁሉ አቅፌሽ አደርሁ። ሰው ይህን ሲያይ ጠባሳ ያያል፤ እኔ ግን ባየሁት ቍጥር ልጄ ተረፈችልኝ እላለሁ። ከፊትሽ ሁሉ ለኔ የሚያምረው ይኸው ነው» አሏት። ልጅቷም ቀና ሳትል፣ «እማማ፣ እሱማ ባንቺ ዓይን ነው እንጂ» አለች። አያቲቱ ጥቂት ዝም ብለው አዩዋትና፣ «ታዲያ የኔ ዓይን ዓይን አይደለም?» አሏት።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ልጅቷ ፎቶግራፍ ልትነሣ ገባች። ፎቶግራፍ አንሺውም በደግነት፣ ጠባሳውን በኮምፒዩተር ሊያጠፋላት እንደሚችል ነገራት። ልጅቷ ጥቂት አሰበችና፣ «እንዳለ ይሁን፤ አለዚያ ፈታኙ እኔ መሆኔን አያውቅም» አለችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኀዘኗ ሁሉ ጠፋ ብለን አንጽፍም፤ ከዚያም በኋላ ብዙ ጊዜ ጕንጭዋን በእጇ ደግፋ ስትቀመጥ አይተናታል። ፈተናውን ግን ተፈተነች፣ አለፈችም።

የአያቲቱ ጥያቄ ፈላስፎቹ ካነሡት ሁሉ የበለጠ ልባችንን ያዘው። ውበት በተመልካች ዓይን ነው በምንልበት ጊዜ የማንን ዓይን ነው የምንቈጥረው? ብዙውን ጊዜ የምንቈጥረው በመንገድ የሚያልፈውን፣ በገበያ የሚመለከተውን፣ በስልክ ላይ የተላከ ሥዕል አይቶ የሚፈርደውን ዓይን ነው። ለአንድ ቅጽበት ያየን ሰው ዓኝ ነን ብሎ ሲፈርድ ፍርዱን እንቀበላለን፤ ዐሥራ አራት ዓመት ያየንን ሰው ዓይን ግን «እርሱማ ስለሚወደን ነው» ብለን ከቍጥር እናወጣዋለን። በሌላ ነገር ሁሉ ይህን አናደርግም። መሬቱን ለብዙ ዘመን ያረሰው ገበሬ ስለ መሬቱ ሲናገር፣ በመኪና ካለፈው መንገደኛ ይልቅ እናምነዋለን። ረጅም ጊዜ ያየ፣ በፍቅርም ያየ ዓይን የበለጠ አየ እንጂ የተታለለ አይደለም።

እዚህ ላይ ስንደርስ የመጀመሪያው ተመልካች ማን እንደ ነበረ ማሰብ ይገባናል። በኦሪት ዘፍጥረት እግዚአብሔር የፈጠረውን ሁሉ ተመለከተ፤ መልካም እንደ ሆነም አየ ይባላል። በግዕዙ መጽሐፍ በዚያ ስፍራ የሚገኘው ቃል ሠናይ የሚለው ነው። ሠናይ ማለት መልካምም፣ ያማረም ማለት ነው፤ በግሪኩም ትርጕም የገባው ቃል እንደዚሁ ሁለቱን ይይዛል። እንግዲህ ውበት ተመልካች ያስፈልገዋል የሚሉት ሰዎች ፈጽመው አልተሳሳቱም። ተመልካቹን ማነስ ነው ስሕተታቸው። ማንም ያላየው ሰው፣ ሁሉም ዓይኑን የመለሰበት ሰው፣ አንድ ጊዜ ታይቶ ሠናይ የተባለ ነው፤ ያየውም ዓይን ከእርሱ ላይ አልተነሣም። መተርጕማን ሰው በእግዚአብሔር አርአያ መፈጠሩን በጕንጭና በአፍንጫ አይተረጕሙትም፤ ነፍስ ልባዊት፣ ነባቢት፣ ሕያዊት በመሆኗ ይተረጕሙታል። ስለዚህ ይህ መልክ በእሳት አይቃጠልም፣ በእርጅናም አይጨማደድም።

ሥጋም ቢሆን በቤተ ክርስቲያናችን የተናቀ አይደለም። መልክዕ የተባለውን የግዕዝ ድርሰት ያላወቀ ኦርቶዶክሳዊ ቤት የለም። ደራሲው ከቅዱሱ ስም መታሰቢያ ይነሣና ለጠጕሩ፣ ለፊቱ፣ ለቅንድቡ፣ ለዓይኑ፣ ለጆሮው እያለ እስከ እግሩ ጥፍር ድረስ ለእያንዳንዱ ሰላምታ ያቀርባል። እኛም በልጅነታችን ይህን ስንደግም ኖረን ኋላ ያስተዋልነው ነገር አለ። ደራሲው የአንዱን ቅዱስ አፍንጫ ከሌላው ቅዱስ አፍንጫ ጋር አያወዳድርም፤ የትኛው ይበልጣል ብሎ አይጠይቅም። እጅን ስለ ሰጠው፣ እግርን ስለ ተጓዘበት፣ ዓይንን ስላየው ነገር ያመሰግናል። ውበትን ያለ ውድድር መናገር የሚቻል መሆኑን ከዚህ እንማራለን።

የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ሥዕልም ሌላ ምስክር ነው። ጻድቁ በጸሎት ብዛት እግራቸው እንደ ተቈረጠ ገድላቸው ይነግረናል፤ ጥር 24 ቀንም ስባረ ዐፅማቸው ተብሎ ይከበራል። ሠዓሊው የተቈረጠውን እግር አይሸሽግም፤ በግልጥ ይሥለዋል። ምእመኑም በሥዕሉ ፊት ቆሞ ጕድለት አያይም። ደግሞም የጥንት ሠዓሊዎቻችን ጻድቁን ሰው ከኀጥኡ የሚለዩት በአፍንጫ ወይም በቆዳ ቀለም አልነበረም። ጻድቁ ሁለት ዓይኖቹ እየታዩ ፊት ለፊት ይመለከተናል፤ ክፉው ግን ወደ ጎን ዞሮ በአንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። እንደ መሰለን ሰውን ነቀፌታ ፍለጋ በጎን የሚያይ ሰው ይህን ሥዕል ይመስላል፤ ሙሉ ፊቱን መልሶ ያየ ሰው ግን ያላየውን ያያል።

ሙሉ ፊቱን ሳይመልስ የሚያይ ዓይን ምን ያህል እንደሚያጣ ለማወቅ፣ ጥቅምት 14 ቀን የምናከብረውን የገብረ ክርስቶስን ታሪክ እናስታውስ። የንጉሥ ልጅ ሲሆን ክብሩን ትቶ፣ ሰውነቱ ቈስሎ፣ በአባቱ ደጅ እንደ ለማኝ ተቀመጠ። ውሾች ቍስሉን ሲልሱለት በሥዕል እናየዋለን። አባቱ በዚያ ደጅ ሲወጣና ሲገባ ኖረ፤ ልጁ መሆኑን ግን ያወቀው ከሞተ በኋላ፣ በእጁ ከተገኘው ጽሑፍ ነው። ጠፋብኝ እያለ ያለቅስለት የነበረው መልክ ዕለት ዕለት በፊቱ ነበር። የጠፋው የልጁ መልክ ሳይሆን የአባቱ ማየት ነው።

እኛ ፊደል ያስቈጠሩን የኔታ ፊታቸው በፈንጣጣ ጠባሳ የተሞላ ነበር። ያ በሽታ በአገራችን ለመጨረሻ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ1976 ሲሆን፣ ከዓለም መጥፋቱ በ1980 ታውጇል፤ በሽታው ቢጠፋም ምልክቱ በሽማግሌዎች ፊት ቈይቷል። ትምህርት በጀመርንበት ሳምንት እኛ ሕፃናቱ ፊታቸውን ፈርተን በጓደኛችን ጀርባ እንሸሸግ ነበር። እርሳቸውም ይህን ያውቁ ስለ ነበር አዲስ ልጅ ሲመጣ ቆሎ ሰጥተው ከጎናቸው ያስቀምጡት ነበር። ዓመቱ ሳያልቅ ጠባሳው ከዓይናችን ተሰወረ። ከብዙ ዘመን በኋላ አንድ እንግዳ በቤታችን ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ፎቶግራፋቸውን አይቶ፣ «እኒህ ሰው ፊታቸውን ምን ነካቸው?» ብሎ ጠየቀን። እኛም መልስ ከመስጠታችን በፊት ወደ ሥዕሉ መለስ ብለን ማየት አስፈለገን። ጠባሳውን የረሳነው ስለ ጠፋ ሳይሆን፣ በርሱ በኩል የሚመጣልን ሰው ስለ በዛብን ነበር።

እንግዲህ ለጥያቄያችን መልስ እንስጥ። የዓይን ምርጫ ልዩ ልዩ ነው፤ ዘመንና አገር ይለውጠዋል፤ ስለዚህም አንድን ሰው በራሳችን ምርጫ ሚዛን አስቀምጠን ጐደሎ ነው ልንል አይገባንም። መልክ ግን በሰው ሁሉ ላይ አለ፤ የተሰጠ ነውና አይጠፋም። በመካከል የቀረው ሥራ ዓይናችንን ማስተማር ነው። «መልክ ታጥቦ አይጠጣም» የሚለው የአባቶች ተረት ወጣቱ በመልክ ብቻ ተስቦ እንዳይታለል የሚመክር ነው፤ እኛም በዚያው መንፈስ መልክ ነው ብለን የምናየው ሁሉ መልክ እንዳልሆነ ለማሳሰብ እንወዳለን።

ለቤተሰብ የምንመክረው ጥቂት ነው። በመጀመሪያ «ጥቁር ናት፤ ግን» ከሚለው አነጋገር ያችን ግን የምትባለውን ቃል እናውጣት። ሁለተኛ፣ እኅትን ከእኅት፣ ወንድምን ከወንድም በመልክ አናወዳድር፤ በማዕድ ላይ በቀልድ የተነገረ ንጽጽር ከማዕዱ ጋር አይነሣም። ሦስተኛ፣ ልጁን በውሸት አንደልለው። ጠባሳ ያለበትን ልጅ ጠባሳ የለብህም ማለት አያጽናናውም፤ መስተዋት ያያልና። ይልቁን እንደ እኒያ አያት ያየነውን እውነት እንንገረው። አራተኛ፣ እናት በመስተዋት ፊት ቆማ የራሷን አፍንጫና የራሷን ቀለም በምትነቅፍበት ጊዜ፣ ያን አፍንጫና ያን ቀለም የወረሰችው ልጅ ከጎኗ ቆማ እንደምትሰማ አትርሳ። አባትም ስለ ሌሎች ሴቶች መልክ በቤቱ ሲናገር፣ ወንድ ልጁ እንዴት ማየት እንዳለበት እየተማረ መሆኑን ያስብ። በመጨረሻም፣ በመንገድ ዳር የተቀመጠውን ሰው ልጆቻችንን ይዘን ስናልፍ፣ ሳንቲሙን ከመወርወራችን በፊት ፊቱን እንየው፤ ሰላምታም እንስጠው። ልጆቻችን ከምንሰጠው ምጽዋት ይልቅ የምንመለከትበትን ዓይን ይወርሳሉ።

ሠናይ ብሎ የፈጠረን አምላክ፣ ያየውን የምናይበት ዓይን ይስጠን። አሜን።